ቀዩን ጨርቅ ለባለቤቱ፦ ከአዳማ እስከ አርሂባ

ጅቡቲን ለማየት የሄድኩ አይደለሁም። ባሕር ለማየት የሚጓጓን ሰው ይህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅመውም፤ እኔ ባሕሩን በወጉ ያየሁት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። የሄድኩት ሰው ፍለጋ ነው። በኮቴ የውስጥ ኪስ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀይ ጨርቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ቢኖርም የእኔ አልነበረም። ለባለቤቱ ሳላስረክብ አልመለስም ብዬ ተነሳሁ። ሚስቴ "በሰው ላከው" አለችኝ። በሰው የሚላክ ነገር አልነበረም።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ የጨርቁን ነገር አስቀድሜ ልናገር። አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ፣ ሰው ሞተ፣ ታሰርኩ። የታሰርኩበት ወህኒ ቤት እርሻና የከብት ማድለቢያ ነበረው፤ ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሰንጋ ሲከተብ መጣል አለበት። ያልተወጋው ሰንጋ እንዲለይ ቀንዶቹ መካከል ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ሁለት እስረኞች ይገባሉ፤ አንዱ ከቀንድ፣ አንዱ ከጭራ ይዘው ይጥሉታል። ሐኪሙ ሲወጋው ጨርቁ ይፈታል። በቃ፣ ሥራ ነበር።

ሥራው ጨዋታ የሆነው እኔ ከመግባቴ በፊት ነው። የቆዩ እስረኞች እንደሚያወሩት፣ አንድ አዛዥ ማን ቶሎ እንደሚጥል በእጅ ሰዓቱ መለካት ጀመረ። በዓመቱ ሊጠይቁ የመጡ ቤተሰቦች በአጥሩ ቀዳዳ አዩ። ከዚያ ወንበር መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ የከተማው ሹማምንት ተጋበዙ፤ እስረኛ የሸመነው ጋቢ በር ላይ ይሸጥ ጀመር። ቀስ በቀስ መርፌው ተረሳና ሰዉ ሁሉ የሚያየው ጨርቁን ብቻ ሆነ። ጨርቁን ለሕዝብ ከፍ አድርጎ ያሳየ እስረኛ፣ ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ከሚቀርቡት ስሞች ራስ ላይ ይጻፋል ይባል ነበር። በወረቀት ያየው የለም፤ ያላመነም እስረኛ አልነበረም።

በ1993 ዓ.ም. እኔና ጫላ ገባን። ጫላ የአርሲ ልጅ ነው፣ ከከብት ጋር ያደገ። ገበያ ላይ በተነሳ ጠብ ሰው በዱላ አቁስሎ ነው የታሰረው። እሱ ቀንድ፣ እኔ ጭራ። ጫላ ሰንጋውን በአፍንጫው ይዞ አንገቱን ጠመዘዘና ጨርቁን ፈታ። ይሄኔ እኔ ጭራውን ለቀቅኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ሰንጋው ጫላን አንስቶ ጣለው፣ ጭኑ ተሰበረ፣ ጨርቁ አፈር ላይ ወደቀ። አነሳሁት። ለጫላ ልሰጠው ነው ያነሳሁት ብል ደስ ባለኝ። እጄ ግን ወደ ላይ ሄደ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ጸሐፊው "ስም?" አለኝ፣ ነገርኩት። መስከረም ላይ ተፈታሁ። ጫላ እያነከሰ ሦስት ዓመት ቆየ። ጨዋታውም ከጫላ እግር በኋላ ቀረ።

ከተፈታ በኋላ አገሩ ብጠይቅ የለም፣ ሻሸመኔ ብጠይቅ የለም። በ2005 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ አዳማ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ አስቻለው የሚባል ሰንጋ አመላላሽ ሾፌር ከጎኔ ላለው ሰው ሲያወራ ሰማሁ። "ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አንድ አንካሳ ያገራችን ሰው አለ አሉ። ሰንጋ በአፍንጫው ይዞ እንደ ሕፃን ያስተኛል።" ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ለቪዛው አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ከአስቻለው ጋር ተነሳን። ከኋላችን ሰንጋዎቹ፣ ከፊታችን የመኪና ሰልፍ። ሹፍርና ከተውኩ ወዲህ ከነጂ ጎን መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። መተሐራን ስናልፍ አስቻለው ወለሉን አይቶ "ጋሼ፣ መኪናዬን ሊበሱት ነው እንዴ?" አለኝ።

አዋሽ ኬላ ላይ ፖሊሱ መታወቂያችንን ሰበሰበ። ቆይቶ ከዳር ሆኖ "ግርማ!" ብሎ ተጣራ። ዘልዬ ወረድኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ "አለሁ! ዞን ሁለት!" አልኩ።

ወህኒ ቤት በጠዋትና በማታ ቆጠራ እንደዚያ ነው የሚመለሰው፣ ስምህ ሲጠራ ዞንህን ተናግረህ። ከተፈታሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስሜን ጮክ ብሎ የጠራኝ ሁሉ ግን ቆጣሪ ይመስለኛል። አንዴ ሠርግ ቤት ውስጥ ብዬው ሚስቴ ሳምንት አላናገረችኝም። ፖሊሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና መታወቂያዬን ሰጠኝ። አስቻለው መሪውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ደበቅኩት ብል ዋጋ ስለሌለው ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት። መሳቁን ተወ።

ገዋኔን አለፍ ብለን ከኋላ ጭነቱ ላይ አንድ ሰንጋ ወደቀ። የወደቀ ሰንጋ ካልተነሳ በሌሎቹ ተረግጦ ይሞታል። አስቻለው አቁሞ ወጣ። "ጋሼ፣ ጭራውን ይያዙልኝ፣ እኔ ከቀንዱ አነሳዋለሁ።" እንዲህ ያለ ልመና ከአምላክ ነው ከሾፌር? ያዝኩ። ሰንጋው ተነስቶ ቆሞ፣ አስቻለው ወርዶ እጁን ታጥቦ፣ እኔ አሁንም ይዤ ነበር። መዳፌ ተልጦ ሚሌ ድረስ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬው ሄድኩ።

ሚሌ ደጅ ላይ በተዘረጋ አልጋ አደርን። አዳማ ሞቃት ነው ብዬ ስማረር ለኖርኩት ሁሉ ይቅርታ ጠየቅኩ።

እሑድ

ከዲቾቶ በኋላ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ከሰል ደፍቶ የሄደ ይመስላል። ድንበሩ ጋላፊ ላይ የመግቢያ ቅጹ በፈረንሳይኛ ሆኖ ተቸገርኩ። አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ ሳልጠይቃት ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ሞላችልኝ። "ምክንያት?" አለችኝ ባማርኛ። "ዕቃ ላስረክብ" አልኩ። "ዕቃው የት ነው?" ጨርቁን አወጣሁ። አየችው፣ አየችኝ፣ "ጉብኝት" ብላ ጻፈች።

ዲኪል ላይ ምሳ የፍየል ሥጋ በሩዝ በላን። ዳቦው እንደ ክንድ ይረዝማል፤ እኛ አገር ዳቦ ክብ ነው፣ ቆርሰው ያካፍሉታል፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ከሰዓት ከተማው መግቢያ፣ ፒኬ ዱዝ ከሚሉት የመኪኖች ማቆሚያ ደረስን። አስቻለው ያንን ሰው አይቶት አያውቅም፤ ሰንጋ የሚያራግፈውም ሌላ ነጋዴ ጋ ነው። ስለዚህ ካርቲየ 1 በሚሉት ሰፈር አንዲት ያገራችን ሴት የምታከራየው አልጋ ጋ አድርሶኝ፣ "ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ፣ እዚሁ ካላገኘሁዎት ጥዬዎት እሄዳለሁ" አለ። ደግሞ ተመልሶ ግማሽ ካርቶን ውሃ ሰጠኝ። "የዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይላል ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ።"

አልጋ ቤቱ ወደ የመን ለመሻገር ቀን በሚጠብቁ ወጣቶች ተሞልቶ ነበር። አንዷ ሻንጣዬን አየችና በሀዘን "ጋሼ፣ እርስዎም ሊሻገሩ ነው?" አለችኝ። "በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?" ብላት ሁሉም ሳቁ። እነሱን እያሰብኩ ብዙ ተገላበጥኩ። እኔ ወደ ኋላ የምመለስበት መኪና ነበረኝ።

ሰኞ

ጠዋት መፈለግ ነበረብኝ፤ ያላወቅኩት ግን የዚህን ከተማ ሰዓት ነው። ሻይ ጠጥቼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ በእኛ አገር ወግ ቀስ ብዬ ስወጣ ወደ ሰባት ሰዓት ሆነ። ጫት ገብቷል። ሱቁ ተዘጋ፣ ታክሲው ጠፋ፣ መንገዱን ቁራዎች ተረከቡት። "አንካሳ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሰንጋ የሚያውቅ" እያልኩ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ በእጁ ወደ ካርቲየ 5 ጠቆመኝ።

ካርቲየ 5 በእርግጥ አንካሳ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ጋሽ ዘውዴ ይባላል። ጥያቄዬን ሰምቶ መርፌውን ሰካና "ጅቡቲ ያለ አንካሳ ሁሉ ዘመዴ መሰለህ?" ብሎ ጮኸብኝ። ይቅርታ ብዬ ስዞር "ቁም!" አለ። "ምሳ በልተሃል? አልበላህም። አንተ ሰው ስትፈልግ ሰውን በጉድለቱ አትጠይቅ፣ በስሙ ጠይቅ።" ከራሱ ሳህን ሩዝ አበላኝ። ስሙን ስነግረው "ሼፍ ጫላ እንዴት አትለኝም!" ብሎ ሱቁን ዘግቶ፣ እያነከሰ፣ በዚያ ፀሐይ ሰፈሩ አርሂባ ድረስ ራሱ ወሰደኝ። ሼፍ እዚህ አለቃ ማለት ነው። እየሄድን ሁለት ጊዜ ሰደበኝ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጥላ ያለበትን ወገን ለቀቀልኝ።

አርሂባ ወደቡ አጠገብ ነው፤ ብሎኬት ቤቶች ተደርድረዋል፣ በመካከላቸው ልብስ ተሰጥቷል። የጫላን በር የከፈተችው ሚስቱ ፋጡማ ናት። አፋር ነች፤ አማርኛውን ያገኘችው አሥር ዓመት ሾፌሮችን ምግብ ስታበላ ስለሆነ ለትልቅም ለትንሽም "አንተ" ነው የምትለው። "አንተ ማነህ?" አለችኝ። "ግርማ" አልኩ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ገባ በል አላለችኝም፣ ሂድም አላለችኝም፤ ወደ ውስጥ ዞራ "ጫላ!" ብላ ተጣራች።

ጫላ መጣ። ግራ እግሩን ከዳሌው እየወረወረ ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ቆሞ ሆዴን አየ።

"ወፍረሃል" አለኝ።

ከዚያ አቀፈኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ፋጡማ እንደ የመኖቹ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር አቀረበች። ጫላ ዓሣውን ሲበላ ሳይ ገረመኝ፤ ወህኒ ቤት ሳለን "ዓሣ ምግብ አይደለም፣ እንስሳ ማለት በእግሩ የሚቆም ነው" ይል የነበረ ሰው ነው። አልጋ ቤት አትመለስም ብለው ሻንጣዬን አስመጡልኝ።

ማክሰኞ

ከቁርስ በኋላ ጨርቁን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጫላ አልነካውም።

"እሱን ይዘህ ነው የመጣኸው?"

"እሱን ይዤ ነው። ጫላ፣ እኔ ያን ቀን..."

"ይቅር ብዬሃለሁ። ሻይህን ጠጣ።"

"ይቅርታ ልለምን ብቻ አይደለም የመጣሁት። ያን ጨርቅ በሕዝብ ፊት ነው ያነሳሁት። ሐሰቱን በአደባባይ ተናግሬ እውነቱን ጓዳ ውስጥ ሹክ ልበልህ? በሰው ፊት ነው የምመልሰው። ሥራ ቦታህ ሰው አለ፣ እዚያ ልበለው።"

ጫላ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ስማ። እዚህ የመጣሁት ወደ ሳዑዲ ልሻገር ነበር፤ በዚህ እግር ጀልባ ላይ ማን ያወጣኛል? ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ናቸው ያነሱኝ። መርከብ የሚጠብቁ ከብቶች ማቆያው የሳቸው ነው። ዛሬ የበሩም የመድኃኒቱም ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ከብት የተማርኩት እርሻ ድርጅት ውስጥ ነው ብያቸዋለሁ። ሠራተኞቹም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ፋጡማ ብቻ ናት እውነቱን የምታውቀው። አንተ አደባባይ ላይ ልብህን ታቀልና ወደ አዳማ ትሄዳለህ። እኔስ?"

ሰው ግትር ነህ ይለኛል፤ ነኝም። ግን እውነቴን በጫላ እንጀራ ልገዛ አልመጣሁም። "እስር ቤት የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም" ብዬ በልጆቼ ማልኩለት። ጨርቁን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ጫላ እሱንም አየ። "እዚህ ተወው" አለኝ። "አልተውም" አልኩ። በዚህ ብቻ ተጣላን፤ እስከ ምሳ አልተነጋገርንም። ፋጡማ በመካከላችን እያለፈች "ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ጨርቅ" ስትል ሰማኋት።

ረቡዕ

ከሰዓት ጫላ ባሕር ሊያሳየኝ ወሰደኝ። አብሮን ኢድሪስ የሚባል የማቆያው ሠራተኛ ነበር፤ ጅቡቲያዊ ነው፣ ድሬዳዋ ተምሯል፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ጫላ "ወንድሜ ነው" ብሎ አስተዋወቀኝ፣ ስሜን ግን አልተናገረም። የዘነጋው መሰለኝ።

መርከቦቹን እያየን ኢድሪስ ድሮ የውጭ ወታደሮች ሰፈር ልብስ ያጥብ እንደነበር አወራን። "አንዱ ወታደር በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። እነሱ አገር እስረኛ ኮርማ ይጋልባል! ሕዝብ ቲኬት ቆርጦ፣ እየበላ ያያል። ኮርማው ግንባር ላይ የታሰረ ነገር አለ፣ እስረኞቹ እሱን ለመንጠቅ ይጋፋሉ። አያቱም ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ያይ ነበር አለኝ። ሼፍ፣ ሰው አእምሮ አለው?"

እኔና ጫላ ባሕሩን አየን። ያንን ነገር የፈጠርነው እኛ ብቻ ይመስለን ነበር። በዓለም ሌላ ጫፍም መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ሰዓት የያዘ አዛዥ፣ ቀጥሎ ወንበር ነበር ማለት ነው? እዚያስ የሌላውን ጨርቅ ከአፈር ያነሳ ሰው ይኖር ይሆን? ጫላ ረጋ ብሎ "ኮርማውን በአፍንጫው ነው የሚይዙት?" ሲል ጠየቀ። "የለም፣ ዝም ብለው ይጋፋሉ" አለ ኢድሪስ። "አላዋቂዎች" አለ ጫላ።

ስንመለስ ለብቻዬ ያዘኝ። "ነገ ሐሙስ ነው። ማቆያው እንዳትመጣ።"

"ቃሌን ሰጥቼህ የለም?"

"ቃልህን አምናለሁ። እንዳትመጣ ግን።"

ሐሙስ

አትሂድ የተባልኩትን ላከብር ቤት ተቀምጬ ነበር። ወደ አምስት ሰዓት ፋጡማ ሣህን በጨርቅ ቋጥራ ፊቴ አስቀመጠች።

"ጫላ ምሳውን ረሳ። አንተ ውሰድለት።"

"ጫላ እንዳትመጣ ብሎኛል።"

"አትምጣ ያለው አንተን ነው። ምሳውን አትምጣ አላለውም።"

ዓይኗን አየሁ። ምሳው የተረሳ አይመስለኝም። ብዙ ሳልከራከር ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ማቆያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ዘበኛው "ሼፍ ጫላ" ስለው በሩን ከፈተልኝ። አጥሩ፣ አቧራው፣ የጭድና የሽንት ሽታው ያው ነበር፤ ለአፍታ ዞን ሁለት የተመለስኩ መሰለኝ። ከዚያ ሰንጋዎቹን አየሁ። ቀንዶቻቸው መካከል ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

ሠራተኞቹ አጥሩ እንጨት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ድንኳን የለም፣ ሹም የለም። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ጥላ ሥር ቆመዋል። ጫላ ከወዲያኛው ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶ ከሐኪሙ ጋር ያወራል። ኢድሪስ አየኝና ከጎኑ ቦታ ሰጠኝ። "ሐሙስ ሐሙስ ክትባቱን እንዲህ ነው የምንጨርሰው" አለኝ። "ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። ዱላ ክልክል ነው። ሐኪሙ ሳይወጋ ጨርቅ መፍታት ክልክል ነው። ጨርቁን ፈትቶ ያነሳ ሰው ደግሞ የጓደኛውን ስም ጮክ ብሎ ካልጠራ አይቆጠርለትም። የሼፍ ሕግ ነው።"

"ለምን እንዲህ ያለ ሕግ አወጣ?"

"ድሮ በሠራበት እርሻ አንድ ሰው ነበረ አሉ..." ብሎ ሳይጨርስ ሁለት ሰዎች ገቡ። ጣሉት፣ ሐኪሙ ወጋ። ቀንድ የያዘው ጎረምሳ ጨርቁን ፈትቶ በደስታ ሰከረ፤ እያውለበለበ ሮጠ፣ ጭራ የያዘውን ረሳው። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሶማሌውም፣ አፋሩም፣ ያገሬም ልጅ፣ ባንድ ድምፅ ጮኸ፦

"ግርማ! ግርማ! ግርማ!"

ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ወረድኩ። እጄ ወደ ኋላ ተጣመረ።

"አለሁ! ዞን ሁለት!"

የጫላ ምሳ አቧራው ላይ ተበተነ፣ ቁራዎቹ ወረዱበት። ኢድሪስ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሰንጋ ካመጡት ሾፌሮች አንዱ ያገሬ ሰው ነው፤ "ዞን?" ሲል ሰማሁት። ዞን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር። ይሄኔ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ስሜ እዚህ ስድብ ነው፤ የጓደኛውን ድርሻ የሚበላ ሰው ግርማ ይባላል። ሁለተኛ፣ በልጆቼ የማልኩትን አፍርሻለሁ። የመጀመሪያው ይገባኛል፤ ሁለተኛው ግን ለጫላ ይተርፋል። በሩ ክፍት ነበር። ብሸሽ የሚይዘኝ የለም፤ አንዴ ለቅቄ አውቃለሁ። እግሬን መሬት ላይ ተከልኩና ቆምኩ።

ጫላ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። የእግሩ ድምፅ ለብቻው ይሰማል። አጠገቤ ሲደርስ የተበተነውን ሩዝ አየ።

"ፋጡማ ናት የላከችህ?"

"አዎ።"

"ጀምረኸዋል። እንግዲህ ጨርሰው።"

ጨርቁን አወጣሁ። እጄን ሽቅብ አነሳሁ፣ እንደዚያን ቀን። "ይህን የፈታው ጫላ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ቀንዱን የያዘው ጫላ ነው! ጭራውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ግርማ! እግሩ በእኔ ተሰበረ፣ በስሙ ፈንታ ስሜን አስጻፍኩ!"

"የት ነው የሆነው?" አለ ሾፌሩ።

ያችን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ጫላ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "እስር ቤት" አለ። "እርሻው የእስር ቤት ነው። ሰው አቁስዬ ታስሬ ነበር። ከብት መጣልም እዚያ ነው የለመድኩት።"

ሐጂ አማርኛ አይሰሙም። ኢድሪስን በሶማልኛ ጠየቁት፤ ኢድሪስ እየተርበተበተ አስረዳቸው። ሐጂ ሰሙ፣ ጢማቸውን አሻሹ፣ ከጫላ ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አዩ። ሁላችንም አብረን አየነው። ጫላ እጁን ወደ ቀበቶው ወስዶ ቁልፉን መፍታት ጀመረ። ሐጂ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ኢድሪስ ተረጎመ።

"ያልተወጉት ስንት ቀሩ ይላሉ።"

"ስድስት" አለ ጫላ።

"መርከቡ ቅዳሜ ነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ ይላሉ።"

ሐጂ ወደ ጥላቸው ተመለሱ። ጫላ ቁልፉን መልሶ አሰረ። ከእጄ ጨርቁን ወሰደ። ኪሱ ይከታል ብዬ ስጠብቅ ወደሚቀጥለው ሰንጋ ሄዶ ቀንዶቹ መካከል አሰረው።

"ና። ጭራ ያዝ።"

"ጫላ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።"

"እኔም አንድ እግር የለኝም። ያዝ።"

ያዝኩ። የተላጠው መዳፌ ተቃጠለ። ጫላ ከፊት ቆሞ በአፍንጫው ያዘው፣ አንገቱን ጠመዘዘው፣ ሰንጋው ወገብ ወገቤን እያለኝ ሜዳውን ዞረ፣ ሱሪዬ ከጉልበቴ ተቀደደ። አለቀቅኩም። ወደቀ። ሐኪሙ ወጋ። አለቀቅኩም። "ግርማ፣ ተወግቷል፣ ልቀቅ" አለ ጫላ። አልሰማሁም። "ኧረ ልቀቅ አንተ ሰው!" ብሎ ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቅኩ።

ጫላ ጨርቁን ፈታ፣ ከፍ አደረገና ለአጥሩ ሁሉ ጮኸ፦

"ጭራውን የያዘው ግርማ ነው!"

አለቀስኩ። በሰው ፊት፣ ላብና አቧራ ለብሼ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

ዓርብ

ጠዋት አስቻለው በቀጠሮው አልጋ ቤቱ ደጅ መጣ። ፋጡማ ሱሪዬን ሰፍታ፣ ለመንገድ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ቋጥራ ሰጠችኝ። ጫላ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። ለምን ስሜን ስድብ እንዳደረገው ጠየቅኩት።

"ተናድጄ ነበር" አለ። "ሦስት ዓመት አልጋዬ ላይ ተኝቼ ተናድጄ ነበር። እዚህ ስመጣ አንድ ቀን ከአፌ ወጣ፣ ሰዉ ለመደው። ከጊዜ በኋላ ንዴቱ ለቀቀኝ፣ ቃሉ ግን ቀረ። እንዳትሰማው ብዬ ነው አትምጣ ያልኩህ።"

"አሁንስ? ታስተዋቸዋለህ?"

"የለመደ አፍ በአንድ ቀን ይተዋል?" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ጨርቁ እሱ ጋ ቀረ። ስመለስ መንገዱ ሁሉ ያው ነበር፤ ኮቴ ብቻ ያልለመድኩትን ያህል ቀለለኝ፣ ደጋግሜ ኪሴን ዳበስኩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ አስቻለው አዳማ ሻይ ቤት አገኘኝ። አሁን ለሐጂ ነው የሚያመላልሰው። ስሜ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ያው ነው ጋሼ" አለ እየሳቀ። "ጨርቅ አንስቶ ዝም ያለውን ዛሬም 'ግርማ! ግርማ!' ይሉታል። አንድ ነገር ግን ጨምረዋል። ሰውየው ደንግጦ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የጓደኛውን ስም ሲጠራ፣ ሁሉም ያጨበጭቡና 'ግርማ ጅቡቲ ገባ!' ይላሉ።"